የነፋስ ቀን ገመድ

በፑንታ አሬናስ፣ ምድር አልቆ ውሃ በሚጀምርበት፣
ነፋስ ሰው ይጥላል፤ አሮጊት፣ ፖስተኛ፣ ውሻ ሳይለይበት።
ማዘጋጃ ቤቱ ያን ቀን ገመድ ይወጥራል ከጥግ እስከ ጥግ፣
አላፊው ጨብጦ እንዲሻገር፤ ባርኔጣውን እንኳ ባይታደግ።

ቶንቺ ወንድሜ ግን ከገመዱ አጠገብ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣
ሲሄድ አየሁት አንድ ማክሰኞ፣ ጃኬቱ እንደ ሸራ ተነፍቶ።
ጠራሁት።
አልሰማም፤ ወይ ሰምቶ አልዞረም።

ሳምንት ሳይሞላ ከሆስፒታል ደወለ፤
ማታ አምስት ሰዓት፣ ከኮሪደሩ ስልክ።
«ምን በላህ?» እለዋለሁ።
«ድንች።»
«ብርድ ልብስ አለህ?»
«አለኝ።»
እኛ ቤት ፍቅር እንዲህ ነው፤ በሆድና በብርድ ዙሪያ ይዞራል፣
ከዚያ የጠለቀውን ግን በር ዘግቶበት ያድራል።

እናታችን ዝላታም እንዲሁ ነበር የሄደችው።
አባታችን «ሳንባዋን ነው» አለ።
ጎረቤት ጠየቀ፤ «ሳንባዋን» አልን።
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ቶንቺ ስድስት።
ሳንባ ማለት ለእኛ፣ ሰው በውድቅት ተነስቶ
የቤቱን መጋረጃ ሁሉ አውርዶ የሚያጥብበት በሽታ ነበር፤
ሳንባ ማለት ሦስት ወር ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት።
የሳይንስ አስተማሪያችን ሳንባን በጠመኔ ሲስል
እጄን አወጣሁና
«ማልቀሻው የቱ ጋ ነው?» አልኩ።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሲላላ አይይዝም፣ ሲጠብቅ መዳፍ ይልጣል የነፋስ ቀን ገመድ፤
እኔም እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ በስንት ልክ ቢወጠር እንደሚበጅ ዘመድ።

በአሥራ አንደኛው ሌሊት ግን
«ምን በላህ»ን ከጥርሴ መለስኩት።
«ቶንቺ፣ ምን ይልሃል፣ እዚያ ውስጥ ያለው?»
ዝም አለ። የወለል መወልወያ ባልዲ ጎማው ሲንሲያጠጥ
በስልኩ ውስጥ አልፎ ሲሄድ ሰማሁ።
«ምንም አይለኝም» አለ። «እሱ ነው ችግሩ።
ሰው ሁሉ ድምፅ የሚሰማኝ ይመስለዋል፤
እኔ የሰማሁት ድምፅ መጥፋቱን ነው፣
መሃል ባሕር ላይ የመርከብ ሞተር ቀጥ ሲል እንዳለው።
ሱፍ መጋዘኑ ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ሚዛኑ ላይ ጥቅሉ አለ፤
ቁጥሩን አየዋለሁ፤
ቁጥሩ ግን ቁጥር መሆኑን ትቷል።»

«መድኃኒቱስ?»
«እጄን ያንቀጠቅጠዋል። ሻዩን ከኩባያ ወደ ሰሃን፣
ከሰሃን ወደ ጉልበቴ ሳጓጉዝ እውላለሁ።
ኤድልሚራ፣ የማታዋ ነርስ፣ ‹አንተ ጀልባ ነህ› ትለኛለች።»
ሳቀ። ሳቅሁ።
ከሳቃችን መሃል አንዱ ሳቅ ሳይሆን ወጣ፤
የማን እንደሆነ አልለየንም።

«አንቺስ?» አለኝ።
«እኔማ ደህና ነኝ።»
«ሳንባሽስ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል በመሃላችን ያነሳው የለም።
ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ የስልኩ ሽቦ እስከዚያ ድረስ ይደርሳል።
«ከመጋቢት ጀምሮ» አልኩ፣ «ደስ ሲለኝ እፈራለሁ።
ደስታዬን እንደ ትኩሳት እለካዋለሁ።
ኔቬንካ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ከሳቀች፣
ሳህን ማጠቤን ትቼ ሄጄ አያታለሁ፤
ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሰባት ዓመት ልጅ ይስቃል፤
እኔ ግን መጋረጃውን ነው የማየው፣ በቦታው እንዳለ።»

አሁንም ዝም አለ፤ እንደ ቅድሙ ግን አይደለም።
«የዝላታ አፍንጫም ወርዶልናል» አለ በመጨረሻ፣
«እሱን ማንም ሳንባ ነው አላለም።»

ሐሙስ ዕለት አስወጡት፤ ንብረቱ በአንዲት ፌስታል።
ነፋሱ ቆርቆሮ ይገነጥላል። ፋርማሲው ጥግ ላይ
ገመዱ ተወጥሯል። በግራ እጁ ያዘ።
ገመዱ ይንቀጠቀጣል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል፤
የትኛው የትኛውን እንደሚያናውጥ አልጠየቅኩም።
ከኋላው ያዝኩ።

መንገዱ መሃል ላይ ዞሮ ጮኸ፤
ነፋሱ ግማሹን ወሰደው፤
«...በላሽ?»
«ምንም!» አልኩ፣
የቤታችንን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ
በእውነት መልሼ።